የነገ ወረፋ

ጥቅምት 8

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰው እንደዚያ ደክሞት፣ ዓይኑ እየተከደነ ቤቱ ገብቶ፣ ልክ ትራሱን ሲነካ እንቅልፉ የት ነው የሚሄደው?

ሰላምታ ሳላቀርብ በጥያቄ ስለጀመርኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰላምታዬ በወፍጮ ቤቱ በር ይግባና ሚዛኑን አልፎ እርስዎ ከሚቀመጡባት ባለሦስት እግር ወንበር ይድረስልኝ። ጉልበትዎ ይጽና፣ እጅዎ አይዛል። በስልክማ ያው ነው፤ እርስዎ "እ?" ይላሉ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ጎረቤቴ ግድግዳ ይደበድባል። የወፍጮ ድምፅ የበላውን ጆሮ በስልክ ከማስቸገር ደብዳቤ ይሻላል።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ማግኘቴን ሰምተዋል። የመጠጥ ውኃ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነኝ። ከየሰፈሩ ቧንቧ የተቀዳ ውኃ በጠርሙስ ይመጣል፤ እኔ እመዘግባለሁ፣ እመረምራለሁ፣ ውጤቱን እጽፋለሁ። ነጭ ጋውን ሰጥተውኛል። የመጀመሪያ ቀን ለብሼው መስታወት ፊት ስቆም ወፍጮ ቤቱ ትዝ አለኝ። ድሮም ከእርስዎ ዘንድ ነጭ ሆኜ ነበር የምወጣው፤ የዚያን ጊዜው ሲያራግፉት ይቦን ነበር እንጂ።

የሙከራ ጊዜዬ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። ከዚያ ወይ ቋሚ እሆናለሁ፣ ወይ ጋውኑን አጥፌ አስረክባለሁ። እንቅልፉ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው። ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ የውኃ ጠርሙስ የሚቆጥር ሰው ቆይቶ የማይሆን ነገር መቁጠሩ አይቀርም።

ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ ድርብ መስታወት ስለሆነ የመንገዱ ድምፅ አይገባም። አከራዬ ቤቱን ስታሳየኝ "ጸጥታው ብቻውን ዋጋ አለው" አለችኝ፤ እኔም ሞኝ ደስ አለኝ። አሁን እዚያ ጸጥታ ውስጥ ስጋደም ጭንቅላቴ ሥራ ይጀምራል። ያቺን ጠርሙስ ከድኛታለሁ? አለቃዬን "እሺ" ስላት የተቆጣሁ መስሏት ይሆን? ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከትኩበት ቦታ ለምን ዝም አለኝ? ዋና ልማር? ሌላ ቋንቋ ልማር? ሁሉም እየተጋፉ ይመጣሉ፣ አንዱም መልሱን ይዞ አይሄድም።

ጋሼ፣ እኔ እኮ ሞተር አጠገብ የምተኛ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከሥራ እስክትመለስ በጆንያዎቹ መሃል ያስተኙኝ ነበር። ድንጋዩ ይዞራል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሴቶቹ በወረፋ ይጣላሉ። "እኔ ነኝ የቀደምኩት።" "ስትቀድሚ ማን አየሽ?" እኔ ግን ጭልጥ። የሚቀሰቅሰኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከላይ ያለው ሣጥን እህል ጨርሶ ድንጋዩ ሊጮህ ሲል ከእርስዎ እኩል ዓይኔን እከፍት ነበር። "ዱቄቴ ነቃች፤ እህል ጨምሩ" ይሉ ነበር።

ያ እንቅልፍ የት ገባ? እርስዎ ያውቁት ይሆናል ብዬ ነው።

የእርስዎዋ ዱቄት


ኅዳር 3

ለዱቄቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ መነጽሬን አውልቄ በሐሳቤ። ዕድሜሽ ይርዘም፣ የነካሽው ሁሉ ይቃናልሽ፣ ነጩ ልብስሽ ሰውነትሽ ላይ ይለቅ። እኛ ደህና ነን። ወፍጮውም ደህና ነው። ወረፋውም እንደምታውቂው ነው።

እኔ የእናትሽ የአጎት ልጅ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ዲግሪ ጭና "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ብላ ወፍጮ ፈጪ የምታማክር ሰው አንቺን አየሁ። ስለ መዝጋት ከሆነ ግን አውቃለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ወፍጮ ዘግቻለሁ።

ወፍጮ ሲዘጋ ሞተሩን ድርግም አድርጎ መሄድ የለም። እንዲያ የሚያደርገው ጀማሪ ነው። በሁለቱ ድንጋዮች መሃል እህል እያለ ካጠፋሽው እህሉ እዚያው ተጣብቆ ያድራል፤ ጠዋት ላስነሳ ስትዪ አንቆ ይይዝሻል። መጀመሪያ እህል መጨመር ታቆሚያለሽ። መሃል ያለው ይውጣ። ከዚያ የላይኛውን ድንጋይ በመዘውሩ ከፍ ታደርጊዋለሽ፤ ባዶውን ከታችኛው ጋር ከተፋጨ ራሱን ነው የሚበላው። ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያያይዘውን ቺንጋ ታወልቂያለሽ። ሞተሩ ብቻውን ትንሽ ይዙር፣ ይረጋጋ። ከዚያ ታጠፊዋለሽ። ከዚያ ትጠርጊያለሽ።

መጨረሻ ላይ ጨርቁ ነው። ታስታውሽው እንደሆነ እንጃ። በዕለቱ ያልደረሳቸው ሴቶች ጆንያቸውን ትተው ይሄዱ ነበር፤ እኔም በየጆንያው አፍ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አስራለሁ። ቀይ አንደኛ፣ ሰማያዊ ሁለተኛ፣ አበባማው መጨረሻ። "እመቤት፣ ወረፋሽ ተይዟል፤ ሂጂ ተኚ" እላታለሁ፤ ትሄዳለች። ወረፋዋ ካልተያዘ ግን አትሄድም። ብትሄድም ልቧ እዚሁ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ያድራል።

አንቺ ያን ሁሉ ጆንያ ተሸክመሽ ነው አልጋ ላይ የምትወጪው። ጨርቅ እሰሪበት። ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ተራ ስጪው፣ በር አጠገብ አስቀምጪው። "ዋና ልማር" ለምትዪው አበባማውን እሰሪለት፤ እሱ አይቸኩልም። ስልክሽንም ከአልጋሽ አርቂያት፤ እሷን ማየት እየዘጉ እህል መጨመር ነው። ደግሞ ሰዓትሽን አትቀያይሪ፤ አንድ ቀን በጊዜ፣ አንድ ቀን አምሽቶ የሚዘጋ ወፍጮ ደንበኛውም ሞተሩም ግራ ይገባዋል።

የሆነውን ጻፊልኝ።

ጋሼሽ


ኅዳር 25

ለምወድዎት ጋሼ፣

ጤናዎ ይብዛ፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ። አደረግኩት። አሮጌ ሸሚዝ፣ የተበላሸ ሻርፕና የድሮ አበባማ ቀሚሴን ቀድጄ ጨርቅ አዘጋጀሁ። ማታ ማታ ያሳሰበኝን ሁሉ ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ እጽፍና እያጠፍኩ ጨርቅ አስሬበት የበሩ እጀታ ላይ እሰቅለዋለሁ። አከራዬ አይታ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች። "ወረፋ ነው" አልኳት። ከዚያ ወዲህ በሬን ስታንኳኳ ራቅ ብላ ቆማ ነው።

እንቅልፌ አሁን ቶሎ ይመጣል። ለዚህ እጅዎን እስማለሁ። ግን አራት ሰዓት ያህል እተኛና ድንገት ብንን እላለሁ። ሐሳብም አይደለም፣ ሕልምም አይደለም። አንድ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፣ ግን የሚሰማ ነገር የለም።

መጥፎውንም አልደብቅዎትም። ባለፈው ሳምንት የሁለት ጠርሙሶች ምልክት አቀያየርኩ። የአንድ ትምህርት ቤትን ውኃ በመኪና እጥበት ስም፣ የመኪና እጥበቱን በትምህርት ቤቱ ስም መዘገብኩ። ውጤቱ ሳይወጣ አለቃዬ ደረሰችበት። አልጮኸችም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና "ውኃው ጥሩ ነው፤ የደፈረስሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ። "አንድ ጊዜ ሰው ይሳሳታል። ሁለተኛ ከደገምሽው ግን የካቲትን አልጠብቅም።"

እርስዎ በሠላሳ አራት ዓመት የአንዲቱን ዱቄት ለሌላዋ ሰጥተው ያውቃሉ? አላየሁም። እኔ ግን በሁለት ወር ውስጥ አደረግኩት።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። የወፍጮውን ድምፅ ይቅዱልኝ። ሰው ሁሉ የዝናብ ድምፅ፣ የባሕር ድምፅ እየሰማ ይተኛል፤ እኔ ዝናብ ስሰማ ስለሚያፈሰው የላቦራቶሪ ጣሪያ ነው የማስበው። ጆሮዬ የሚያውቀውን ቢያገኝ ይተኛል ብዬ አምናለሁ። ለናፍጣው ትንሽ ነገር ልላክ?

ዱቄትዎ


ታኅሣሥ 19

ለዱቄቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ዘግይቻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ድምፁን ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ በስልኳ ቀድታልሻለች፤ እሷው ትልክልሻለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና ተቀመጠችልኝ። "ጋሼ፣ ይሄን እየሰማ የሚተኛ ሰው ድሮውንም ራሱን የሳተ መሆን አለበት" አለች። ልጃችን ናት፣ ተያት አልኳት።

ናፍጣ አትላኪ። ባለፈው ክረምት የገዛሁት በርሜል ገና ከግማሽ በላይ ነው።

ይልቅ ልጠይቅሽ፤ ያ መሥሪያ ቤታችሁ ዘበኛ ይፈልጋል? ሌሊቱን ዓይኑን የማይከድን አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ። ስቀልድ ነው።

ጠርሙሶቹን ተጠንቅቀሽ ያዢ። ጨርቁን እዚያም እሰሪ፤ ማን ይከለክልሻል።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 30

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ይቅደም፤ ቀጥሎ የምጽፈው ከሰላምታዬ እንዳይበልጥብዎት እፈራለሁ።

ድምፁ ደረሰኝ። ሞተሩ ሲነሳ፣ ያቺ ሁለቴ አስሎ የመነሳት ልማዱ ስትሰማኝ ለብቻዬ ሳቅኩ። የሚዛኑ ጥግ፣ ሁልጊዜ እግሬን የሚወጋኝ የወለሉ ስንጥቅ፣ የእርስዎ ካፖርት የሚሰቀልበት ምስማር፣ ሁሉም ፊቴ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ደቂቃ ሳይሞላ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። እንደገና ጨፈንኩ፣ እንደገና ተከፈተ። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም እንደዚያው። ማዳመጫው ነው ብዬ ሌላ ተዋስኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓቱን ሙሉ አደመጥኩት። ጋሼ፣ እህል የለበትም። እህል ያለበት ድንጋይ ድምፁ ወፍራም ነው፣ እንደ ተኛ ሰው ያንኮራፋል። ይሄኛው ቀጭን ነው፣ ያፏጫል። ድሮ ከእርስዎ እኩል የሚያስነቃኝ ድምፅ እኮ ይሄ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ "ተነሺ፣ ተነሺ" ሲለኝ እንዴት ልተኛ?

ደግሞም አንድ ሰዓት ሙሉ ሚዛኑ አልተንኳኳም። "እኔ ነኝ የቀደምኩት" የሚል ድምፅም የለም። የክረምቱ ናፍጣ ታኅሣሥ ላይ ከግማሽ በላይ አለ። ሌሊት ዓይኑን የማይከድነው ሽማግሌ ማን እንደሆነም ገባኝ።

ሰው መምጣት ካቆመ ስንት ጊዜ ሆነው? ባዶ ድንጋይ ራሱን ይበላል ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት፤ ለእኔ እንቅልፍ ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ አስበሉት። እባክዎ እውነቱን ይጻፉልኝ። መጥፎ ቢሆንም ይጻፉልኝ።

ዱቄትዎ


ጥር 22

ጋሼ፣

ሦስት ሳምንት አለፈ። የፖስታ ሣጥኑን ስወጣም ስገባም እከፍተዋለሁ፤ ቁልፉ መላላት ጀምሯል። ለፀጉር ሠሪዋ ደወልኩ፤ "ደህና ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ አይናገሩም" አለችኝ። ካስቀየምኩዎት ይቅርታ። ካላስቀየምኩዎት ደግሞ ዝምታዎን አልቻልኩትምና ይጻፉልኝ፤ እንቅልፌ ወደ ሦስት ሰዓት ተመልሷል፣ የቀረኝም አንድ ወር ከሳምንት ነው። የሚያባንነኝ አሁን ስም አለው፣ የእርስዎ መልስ ነው። ለእሱ የትኛውን ጨርቅ እንደማስርለት አላወቅኩም።

ዱቄትዎ


የካቲት 2

ለዱቄቴ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ሰላምታዬ አንገቱን ደፍቶ ይድረስሽ። ዝም ያልኩት አዝኜብሽ አይደለም። አፍሬ ነው።

ከስንት ዓመት በኋላ ባዶ ድንጋይ ከሙሉ ትለያለሽ ብዬ አልጠረጠርኩም። እኔ ራሴ አሁን በጆሮዬ አልለየውም፤ መዳፌን ሣጥኑ ላይ ጭኜ ነው የምሰማው። ያን ቀን መዳፌ ነግሮኝ ነበር፤ ዝም በል አልኩት።

ከመንገዱ ማዶ ትልቅ የዱቄት ፋብሪካ ከተከፈተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዱቄቱ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ በወረቀት ከረጢት ታሽጎ ሱቅ ድረስ ይመጣል። ሴቶቹን አልቀየምም። መጀመሪያ ላይ ከረጢቱን በሻርፕ ሸፍነው በጓሮ መንገድ ይዞሩልኝ ነበር። "ኧረ በፊት ለፊት እለፉና ሰላም በሉኝ፤ እኔ እኮ ባለወፍጮ እንጂ ባል አይደለሁም" አልኳቸው። ስቀው በፊት ለፊት ማለፍ ጀመሩ። ከመስከረም ወዲህ አንድ ጆንያ በዚህ በር አልገባም።

እንቅልፍን ካነሳን፣ የኔም የቆመው ድንጋዩ የቆመ ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ምክር ስጽፍልሽ እኔው ጣሪያ ስቆጥር ያደርኩ ሰው ነበርኩ። የተጻፈው ግን ውሸት አይደለም፤ ስሠራ የኖርኩት ነው።

አንድ ነጋዴ ቤቱን ለመጋዘን ፈልጎታል። እስከ መጋቢት አጋማሽ መልስ ስጠኝ ብሏል። "ድንጋዩስ?" አልኩት። "ደጃፍ ላይ ይቀመጥ፣ ሰው ይቀመጥበታል" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ በደግነት ነው ያለው። እሱ ነው የባሰው።

ድንጋዩን ገልጬ አየሁት። ጥርሱ አልቆ ለስልሷል፤ እንደገና መወቀር አለበት። መውቀሪያዬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ለማን ብዬ?

በቃ፣ ይኸው ነው። አሁን አንቺ ተኚ።

ጋሼሽ


የካቲት 22

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ዛሬ እየሮጠ ነው የሚመጣው፤ በሩን ይክፈቱለት።

ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰኝ። ደረጃው ላይ እያነበብኩ ስወጣ ሳላውቀው አራተኛ ፎቅ ደርሼ የሰው በር በቁልፌ ስነካካ ተገኘሁ። ሰውየው ከፍቶ አየኝ፤ ፊቴን ሲያይ "ውኃ ልስጥሽ?" አለኝ። የመረመርኩት ውኃ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ጠጣሁለት።

ክፍሌ ገብቼ ደብዳቤዎን አጠፍኩና ቀዩን ጨርቅ አሰርኩበት። አንደኛ። በሩ እጀታ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ተጋደምኩ። ጸጥታው ያው ድሮው ነበር፣ ግን ውስጡ የሚያፏጭ ነገር አልነበረበትም። ጋሼ፣ ስነቃ ፀሐይ መስኮቱን አልፋ ግድግዳው ላይ ወጥታ ነበር።

አርብ ደግሞ የግምገማዬ ቀን ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ አርፍጄ፣ ጋውኔን በግልባጭ ለብሼ ገባሁ። አለቃዬ ወረቀቱን ፊቷ ዘርግታ ተቀምጣለች።

"የት ነበርሽ?"

"ተኝቼ።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሃያ ጠርሙስ አቀረበችልኝና ስሠራ ተቀምጣ ታየኝ ጀመር። በየአንገታቸው ክር እያሰርኩ፣ ቀይ ለትምህርት ቤት፣ ሰማያዊ ለሆስፒታል፣ ሠራሁ። አንድም አልተሳሳትኩም። "ይሄን ክር ማን አስተማረሽ?" አለች። "ዘመዴ ናቸው፣ ወፍጮ ቤት አላቸው" አልኳት። ፈረመችልኝ። "ዓይንሽ ተከፍቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን በሰዓትሽ" አለችኝ።

አሁን የእርስዎ ተራ ነው። አይቆጡኝ፤ የምመልስልዎ የራስዎን መድኃኒት ነው።

እርስዎ ከመስከረም ወዲህ ወፍጮውን አልዘጉትም። ስላልተከፈተ የሚዘጋ የሌለ መስሎዎታል። ቀኑ ግን ይከፈታል፣ ጋሼ፤ ማታ የሚዘጋው አጥቶ አልጋዎ ድረስ ተከትሎዎት ይገባል። ስለዚህ ጠዋት መውቀሪያዎን ያንሱና አንድ ስንዝር ያህል ድንጋይ ይውቀሩ፤ ከዚያ በላይ አይሂዱ። ማታ በድሮው ሰዓት መዘውሩን ከፍ ያድርጉ፣ ይጥረጉ፣ ጨርቆቹን ይቁጠሩ፣ በሩን ይዝጉ። ለነጋዴው አበባማውን ይሰሩለት። መልሱ መጋቢት አጋማሽ ነው ካለ መጋቢት አጋማሽ ይሰጠዋል፤ ዛሬ ማታ አልጋዎ ላይ ምን ይሠራል?

ይሽጡ፣ አይሽጡ አልልም። ፋብሪካውን የማስቆምበት ዲግሪ የለኝም። ግን አሥር ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ መጋቢት 5 እመጣለሁ። መልሱን ከመስጠትዎ በፊት አንድ ጆንያ ስንዴ አስፈጫለሁ። እያስፈጨሁም እዚያው፣ በድሮው ቦታዬ እተኛለሁ። ለፀጉር ሠሪዋ ብነግራት እሷም ግማሽ ጆንያ በቆሎ አለኝ አለች፤ እናቷም አለኝ አለች፤ ወሬው መንገዱን ተሻግሯል መሰለኝ። ነጋዴው መልሱን ሊሰማ ሲመጣ ቆሞ ወረፋ ይጠብቅ።

እስከዚያ ሁለት ነገር ይጻፉልኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ቀን ስንት ሰዓት ተኙ? ለእኔ ጆንያስ የትኛውን ጨርቅ አዘጋጁ? ቀይ ካልሆነ እጣላለሁ። እኔ ነኝ የቀደምኩት።

ዱቄትዎ